ቆመው የሚቀባበሉ ጠብታዎች

ከዲላ ልወጣ ዋዜማ ማታ ቤቴን የሞላው ሰው አንድም እንባ አላፈሰሰም። ያ ነው ያስፈራኝ። እናንተ ታውቁታላችሁ፣ እኛ ዘንድ ሰው ለሁለት ቀን ይርጋለም ደርሶ ሊመለስ ቢነሳ እንኳ ሸኚው ዓይኑን ይጠራርጋል። እኔ ባሕር ተሻግሬ፣ ስሙን በቅጡ የማልጠራው አገር ልሄድ፣ ሁሉም ጥርሱን ነክሶ ይስቅልኛል። እህቴ ታደለች ስንቄን ትቋጥራለች። ወንጌላዊ በየነ፣ ከወትሮው ቀልድ የማያውቀው ሰውዬ፣ ስለ አውሮፕላን ይቀልዳል። ጎረቤቶቼ እየተቀባበሉ «አይዞሽ አስካለ፣ ኤልያስን ትንሽ ነው ያመመው። አይተሽው ትመጫለሽ» ይሉኛል።

ትንሽ ነው ያመመው። ይህን ቃል እኔስ ለስንቱ ሰው ተናግሬዋለሁ? የጎረቤቴ የወርቅነሽ ባል በሞያሌ መንገድ መኪና ተገልብጦበት የሞተ ጊዜ፣ «ትንሽ አሞታል፣ ነይ እንሂድ» ብዬ ከገበያ እጇን ይዤ ያመጣኋት እኔ ነኝ። መንገዱን ሁሉ ስለ ጎመን ዋጋ አወራኋት። መጀመሪያ አሞታል ይባላል፣ ቀጥሎ ጠንቶበታል፣ ከዚያ አንድ ማለዳ ዘመድ ተሰብስቦ በር ያንኳኳል። በድንገት ሞት የሰማ ልብ ይሰነጠቃል ስለሚባል ነው።

ኤልያስ አንድ ልጄ ነው። አባቱን ወባ ከወሰደው በኋላ በአንድ የግሪክ ነጋዴ መጋዘን ቡና እየለቀምኩ አሳደግሁት። እኔ በሚሲዮኑ ፊደል ቆጥሬ ዳዊት መድገም ላይ የቆምኩ ሴት ነኝ፤ እሱ ግን ዲላን ጨርሶ፣ አዲስ አበባን ጨርሶ፣ ጀርመን አገር ተላከ። ከዚያ አንድ እሑድ ከጸሎት በኋላ የሚሲዮኑ ሐኪምና ወንጌላዊ በየነ አብረው መጡ። ልጄ በሚሠራበት ቤት ጋዝ ተቀጣጥሎ ትንሽ ጎድቶታል፣ መምህሩም ለእኔ የአውሮፕላን ቲኬት ቆርጦ ልኳል አሉኝ። እስቲ ንገሩኝ፣ ለሕያው ሰው እናት ማን የአውሮፕላን ቲኬት ይቆርጣል?

አልጮህኩም። እነሱ ሊያስታምሙኝ ከፈለጉ ይሁን፣ ልታመምላቸው አልኩ። ሸኚዎቼ ሲበተኑ ሻንጣዬን እንደገና ፈታሁት። ታደለች የቋጠረችውን ቆጮ በእንሰት ቅጠሉ እንደተጠቀለለ ከላይ አደረግሁ። ከሥር፣ ባሌ የሞተ ጊዜ ቀለም ያስነከርኩትን ጥቁር ነጠላ አጥፌ አስገባሁ። ቆጮው በሕይወት ካገኘሁት፣ ነጠላው ካላገኘሁት። በማለዳው አውቶቡስ ሁለቱን በአንድ ሻንጣ ጭኜ ከዲላ ወጣሁ።

ይዛኝ የሄደችው ለእረፍት ወደ አገሯ የምትሄድ የሚሲዮኑ ነርስ ናት፤ ሲስተር ማርታ እንላታለን፣ አማርኛ ከእኔ ትሻላለች። አዲስ አበባ ለፓስፖርት አንድ ጸሐፊ ፊት አቀረበችኝ።

«የተወለድሽበት ዓመት?» አለኝ ሰውዬው።

«ጣሊያን ሲገባ የፊት ጥርሴ ወልቆ ነበር።»

«ጥርስሽን ማን ጠየቀሽ? ዓመቱን ነው ያልኩሽ።»

«ዓመቱንማ ጥርሴ ነው የሚያውቀው፣ ጌታዬ።»

ሳቁን ዋጠና የሆነ ቁጥር ጻፈ። እስከ ዛሬ በወረቀት ያለኝ ልደት የእሱ ስጦታ ነው።

«የጉዞ ምክንያት?»

«ልጄን ትንሽ አሞት።»

ብዕሩ ቆመ። ቀና ብሎ አየኝ፤ ከጀርባው የተሰቀለው የጃንሆይ ፎቶም አብሮ ያየኝ መሰለኝ። «ማን ነገረሽ?» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ወንጌላዊው።»

ማኅተሙን የተኛ ሕፃን እንዳይቀሰቅስ እንደሚጠነቀቅ ሰው ቀስ አድርጎ አሳረፈው። «እግዜር ያጽናሽ» አለና ራሱ ደነገጠ። «ማለቴ... እግዜር ይማርልሽ።»

ከቢሮው ወጣሁ። የማያውቀኝ ሰው እንኳ ሰምቶ ተረድቷል ማለት ነው። ሲስተር ማርታን ጠየቅኋት፣ «እውነቱን ንገሪኝ፣ ልጄ አለ?» «አለ፣ ቆስሏል ግን አለ» አለችኝ። እሷ ከእኛ ጋር ስንት ዘመን ኖራለች። እሷም ለምዳዋለች አልኩ። በአውሮፕላኑ ውስጥ ያለችው ልጅ ትራስ ስታመጣልኝ፣ ብርድ ልብስ ስታለብሰኝ፣ ይችም ሰምታለች አልኩ። እንዲህ የሚንከባከቡት ለቀስተኛን ነው።

ጀርመን ስንደርስ ዩኒፎርም የለበሰ ወፍራም ሰው ሻንጣዬን ከፈተ። ቆጮውን በሁለት ጣቱ ብድግ አደረገው። ሲስተር ማርታ መሃላችን ቆማ ታስተረጉማለች።

«ምንድነው?»

«ምግብ ነው።»

«ከምን የተሠራ?»

«ከእንሰት። ይፋቅና ጉድጓድ ውስጥ ይቀበራል።»

«ይቀበራል?» ሲስተር ማርታን ደግማ እንድትነግረው አደረጋት። «ምግብ ነው ወይስ የተቀበረ ነገር?»

«ተቀብሮ ሲወጣ ነው ምግብ የሚሆነው።»

«ስንት ጊዜ ይቀበራል?»

«ወራት። አንዳንዱ ከዓመት በላይ ይቆያል፤ እሱማ የክብር እንግዳ ነው የሚበላው።»

ጓደኛውን ጠራ። ሁለቱም አሸተቱት፣ ተያዩ፣ አንዱ ጓንት አድርጎ የቆሻሻ ሳጥን ውስጥ ከተተው። ከሥሩ ያለውን ጥቁር ነጠላ ግን ዘርግቶ አየው፣ ጥለቱን ዳሰሰው፣ ከእኔ አሳምሮ አጥፎ መለሰልኝ። «ሾን» አለ። ቆንጆ ነው ማለቱ ነው አለችኝ ሲስተር ማርታ። የሕያውን ምግብ ቀምቶ የሙቱን ልብስ አሳለፈልኝ። ከዚህ በላይ ምን ምልክት ትፈልጋላችሁ?

ሆስፒታሉ በር ላይ የኤልያስ መምህር ይጠብቁን ነበር። ፕሮፌሰር ነው የሚሏቸው፤ ረጅም፣ ጎባጣ፣ ፀጉራቸው እንደ ጥጥ የነጣ። እኔን ሲያዩ ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ያዙት። በቃ፣ አለቀ አልኩ። ኮሪደሩ መሃል ሻንጣዬን ከፈትኩና ጥቁሩን ነጠላ ተከናነብኩ። ሲስተር ማርታ «ምን ሆንሽ?» እያለች ትጎትተኛለች፤ አልሰማኋትም። አስከሬኑን ልስም ገባሁ።

አልጋው ላይ በነጭ ፋሻ የተጠቀለለ ሰው ተጋድሟል። እጆቹ፣ አንገቱ፣ ግማሽ ፊቱ። በግማሹ በኩል አንድ ዓይን ተከፈተ።

«እማዬ፣ ማን ሞቶ ነው ጥቁር የለበስሽው?»

«አንተ» አልኩት። ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

ልጄ የሳቀውን ሳቅ አልረሳውም፤ ቁስሉ እያመመው፣ እያቃሰተ ነው የሚስቀው። እኔ ግን ለመሳቅ ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ። ከተሻለው በኋላ እንኳ ተኝቶ ሳየው እጄን ደረቱ ላይ አኖራለሁ። ሲነቃ «አለሁ እማዬ» ይለኛል። «አውቃለሁ» እለዋለሁ። አላውቅም ነበር። ዲላ ላይ በሁሉም ሰው አፍ የሞተ ልጅ፣ እዚህ በአንድ የእኔ እጅ ብቻ ሲኖር፣ እጄን ባነሳ ምን ይሆናል የሚል ፍርሃት ያዘኝ።

እንደዳነ ይዤው ልገባ ነበር ሐሳቤ። «ሥራዬን ሳልጨርስ አልሄድም» አለ። እሱ ካልሄደ እኔም አልሄድም አልኩ። በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ሥራ አገኘሁ፤ ፍራው ሂልዳ፣ ወይዘሮ ሂልዳ እንደማለት፣ ከምትባል መበለት ቤት ክፍል ተከራየን። የዚህ አገር ዝናብ እንደ እናቴ አገር እንደ ቡሌ ዝናብ ነው፣ ቀጭን፣ የማያባራ። ግን አናትሽ ላይ የምትይዢው የእንሰት ቅጠል የለም፤ ሰዉም ዝናብ አስጠልሎት ከማያውቀው ሰው ጋር አይጫወትም። ዳቦው ድንጋይ ነው። ድንቹ ጥሩ ነው፤ ግን ጠዋት ድንች፣ ማታ ድንች። በበርበሬ ብቀቅለው ፍራው ሂልዳ መስኮት ሁሉ ከፍታ «ቤቱ እየተቃጠለ ነው!» ትላለች። ሰላምታቸው አንድ ቃል ነው። ልጅሽስ፣ ከብትሽስ፣ ጓሮሽስ የሚል የለም። አንዴ ብቻ «ጉተን ሞርገን» ብለው ያልፋሉ፤ አንቺ መልሱን ጀምረሽ ትቀሪያለሽ።

አንድ ቀን ኤልያስ ሥራ ቤቱን ሊያሳየኝ ወሰደኝ። ያቃጠለውን ቤት ማየት ፈርቼ ነበር፤ አለማየትም ፈራሁ። ማር የመሰለ ቀለም ያላት፣ እንደ ቅጠል የሳሳች ነገር አሳየኝ። በሁለት ጥቁር ገጾች መሃል አጣብቀዋታል። በአንዱ ጎኗ ቫሰርሽቶፍ፣ በእንግሊዝኛው ሃይድሮጂን፣ የሚሉት ጋዝ ይገባል፤ የውሃ አካል ነው አለኝ። በሌላው ጎን አየር። ከጫፉ በሽቦ የታሰረች የጣት ራስ የምታህል አምፖል በርታለች። እሳት የለም፣ ጭስ የለም፣ ድምፅ የለም። ከሥር ግን አንዳንድ ጊዜ ጠብ ይላል።

«ጭሱ የታለ?» አልኩት። እኔ ዓይኔን በእርጥብ እንጨት ጭስ ያጠፋሁ ሴት ነኝ።

«ጭሱ ይሄው ነው» ብሎ ጠብታውን አሳየኝ። «ውሃ።»

«ይጠጣል?»

«ይጠጣል።»

በጣቴ ነክቼ ቀመስኩት። ምንም አይልም። ልጄን ያቃጠለው ነገር ይህ ነው ብዬ አሰብኩ፣ ምንም አይልም።

«ቡና ስትፈለፍሉ ፍሬውና ገለባው ይለያይ የለ?» አለኝ። «ይሄም እንደዚያው ነው። የጋዙ ገለባ በሽቦው ዞሮ ይሄዳል፤ አምፖሏን የሚያበራው እሱ ነው። ፍሬዋ፣ ፕሮቶን ይሏታል፣ በዚህች ቅጠል ውስጥ ታልፋለች። ማዶ ላይ ከአየሩ ጋር ሁለቱ ተገናኝተው ውሃ ይሆናሉ።»

«ቅጠሏ ወንፊት ናት እንዴ?»

«ቀዳዳ የላትም። ድፍን ናት። ግን ውስጧ እርጥብ ነው፤ የውሃ ጠብታዎች ተደርድረዋል። አንዷ ጠብታ ፍሬ ስትመጣባት ለጎረቤቷ ሌላ ፍሬ ታቀብላለች፣ ያችም ለቀጣይዋ። ሁሉም በየቦታቸው ቆመው ነው የሚቀባበሉት፤ ዞር እያሉ ይቀበላሉ፣ ዞር እያሉ ይሰጣሉ። በዚያ በኩል የምትወጣው ፍሬ በዚህ በኩል የገባችው አይደለችም፤ ግን ደረሰ ይባላል።»

እዚያው የአገሬ መርዶ ትዝ አለኝ። እናቴ አገር ቡሌ ላይ ሰው ሲሞት መልእክተኛ አይሮጥም። አቀበት ነው፣ ጭቃ ነው፣ ጉም ነው። ከሟቹ ደጅ አንዱ ይጣራል፤ ማዶ ያለው የሰማውን ከበሩ ሳይነቃነቅ ወደሚቀጥለው ጋራ ፊቱን አዙሮ ይጣራል፤ ያኛውም እንዲሁ። ሰው ሁሉ በየደጁ ቆሞ ሳለ ሞት አገሩን ያዳርሳል። መጨረሻ ጆሮሽ የሚደርሰው ድምፅ የመጀመሪያው ሰው ድምፅ አይደለም። ሞቱ ግን ያው ነው።

«ታዲያ ምን ነካችና አቃጠለችህ?»

«ደረቀች» አለ። «በዓል ነበር፣ ውሃ የሚያጠጣት ሰው አልነበረም። ስትደርቅ ማቀባበል ታቆማለች። ከዚያ ትሰነጠቃለች። ከተሰነጠቀች ጋዙና አየሩ ያለ አቀባባይ ይገናኛሉ። እኔ ሳላውቅ ጋዙን ከፈትኩት።»

አያችሁ እኛ ቡና ለቃሚዎች የምንፈራው እርጥበትን ነው። እርጥብ የቀረ ፍሬ ይሻግታል፣ ከረጢቱን በሙሉ ያበላሻል፤ ደረቅ ከሆነ ግን ተኝተሽ ታድሪያለሽ። ዕድሜዬን ሙሉ ሳደርቅ ኖሬ፣ ልጄን ያቃጠለው መድረቅ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ደረቅ ነገር ማየት አልቻልኩም። ክፍላችን ውስጥ እርጥብ ጨርቅ እሰቅላለሁ፣ ማሞቂያው ላይ ሳህን ሙሉ ውሃ አኖራለሁ። ጠዋት ሲወጣ እንደ ሰላምታ «ረጥባለች?» እለዋለሁ። «ረጥባለች እማዬ» ይለኛል። ያን ሳይለኝ ከወጣ ሥራ ቦታዬ አንሶላ ይጠፋብኛል።

የፍራው ሂልዳ ግድግዳ ሻጋታ አወጣ።

«ፍራው አስካለ፣ ይህ ቤት እንጂ ረግረግ አይደለም! ለምንድነው ክፍሉን የምታረጥቢው?» ኤልያስ እያፈረ ያስተረጉማል።

«የደረቀ ነገር ይሰነጠቃል በላት።»

«ግድግዳዬ አልተሰነጠቀም፣ እየበሰበሰ ነው!»

«መበስበስ ይሻላል በላት። የበሰበሰ አይፈነዳም።»

የሴትየዋ ባል በጦርነቱ ጊዜ ቦምብ በወደቀበት ቤት ውስጥ ነው የሞተው፤ ይህን በኋላ ነው የሰማሁት። ሄዳ ተጨማሪ ሳህን አመጣችልኝ። በወሩ መጨረሻ ግን ግድግዳውን እኔው እንድቀባ አደረገችኝ።

ወደ አገር ቤት መጀመሪያ የደወልነው ኤልያስ ከሆስፒታል ሊወጣ ሲል ነበር፣ ፕሮፌሰሩ ቢሮ ሆነን። ታደለችን በሚሲዮኑ በኩል ዲላ ስልክ ቤት እንድትጠብቀን ቀጥረናታል። የዚህ አገር ኦፕሬተር ለአዲስ አበባዋ፣ አዲስ አበባ ለሻሸመኔ፣ ሻሸመኔ ለዲላ። ከጉድጓድ እንደሚወጣ ድምፅ እህቴ መጣች።

«አይዞሽ፣ እህቴ። በርቺ።»

«ታደለች፣ ኤልያስ ደህና ነው እኮ!»

«እሺ እህቴ፣ እሺ።»

«አልሞተም ነው የምልሽ!»

«አዎ፣ አልሞተም። በጌታ ዘንድ ሕያው ነው።»

ኤልያስ በፋሻው እጁ ስልኩን ደግፎ «አክስቴ፣ ያች ዶሮሽ ዛሬም አልጋ ሥር ነው የምትጥለው?» አላት። ከዚያ ጆሮ የሚበጥስ እልልታ። ለካ አልቅሰውለታል! ድንኳን ተክለው፣ ፎቶውን አቁመው፣ ሦስት ቀን ተቀምጠውለታል። ሲስተር ማርታ «ደህና ነው» ብላ የላከችው ቴሌግራም ቀድሞ ደርሷቸው ነበር፤ እሱን ሲያነቡ ነው ልቅሶው የባሰው። ከስልኩ በኋላ እንኳ «ፈረንጅ ድምፅ የሚያስቀር ማሽን አለው» ያለ አልጠፋም።

ያላለቀሰች አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ ቡሌ ያለችው እናቴ። «ማን አየው?» አለች አሉ። «እናንተ የምታለቅሱት አንዱ ለአንዱ ያቀበለውን ነው። እኔ ዓይኔ ሳያይ አላለቅስም።» እንሰቷን መፋቅ ቀጠለች። ያን ስሰማ ከሞት ያስነሳችው እሷ መሰለችኝ። የልጅ ልጇን ልወስድላት፣ ጠባሳውን በእጇ ዳሳ «አላልኳችሁም?» እንድትል፣ ሌላ ምኞት የለኝም።

ኤልያስ ግን አንድ ነገር ላይ ተጣብቋል። «እዚህ ማሽን ቆሞ ያረጥብልኛል» ይላል። «ዲላ ማን ያጠጣታል? ከዲላ ወዲያ ገደብ ከተማ ላይ፣ ጨለለቅቱ ላይ ማን ይጠብቃታል? እኔ የምፈልገው ደርቆም የሚያቀብል ጠጣር ነው። እሱን ሳላገኝ ምን ይዤ ልግባ?» ይህን ፍለጋ ጨው ይፈጫል፣ ይጠቀጥቃል፣ ይጋግራል፣ ይለካል። አንዱ ይሟሟበታል፣ አንዱ ዝም ይልበታል። ወንዙ በብርዱ ወራት በረዶ ሲሆን ድልድዩ ላይ ቆመን «በረዶም እኮ ያቀብላል» አለኝ። «ድፍን፣ የሞተ ይመስልሻል፤ ውስጡ ግን ርክክብ አለ። ቀርፋፋ ነው እንጂ።» ወደ ታች ማየት አልፈለግሁም። በጠባሳ የተኮማተረ እጁን በሁለት እጄ ይዤ «አያትህ እየደከመች ነው» አልኩት። «በሚቀጥለው ክረምት» አለኝ። ካቻምናም ብሎኛል።

ባለፈው ሰኞ ማለዳ ከማጠቢያው ጠርተውኝ ኤልያስ ሥራ ቤት ሮጥኩ። ከዲላ ስልክ መጥቷል። እኛ ሳንደውል እነሱ ደውለው አያውቁም። ኤልያስ ስልኩን ሰጠኝና አጠገቤ ቆመ፤ ከጀርባው ያች ትንሽ አምፖል በርታለች።

«እህቴ፣ ደህና ነሽ?» አለችኝ ታደለች። ድምፅዋ ቀና ያለ ነው፣ ሳቅ ሳቅ የሚለው። «ምግብ ትበያለሽ? ብርዱስ? የኤልያስ እጅስ?»

«ታደለች፣ ምን ሆናችሁ?»

«ኧረ ምንም። እናታችንን ትንሽ አሟታል። አይዞሽ፣ ትንሽ ነው። ብትችሉ ብትመጡ ጥሩ ነው።»

«ድምፅዋን አሰሚኝ።»

«ቡሌ ናት እኮ፣ ስልክ ከየት ይመጣል?»

«ከአጠገብሽ ማን አለ?»

«ማንም የለም።»

ሰዎች ነበሩ። በዚያ ሁሉ የሽቦ ጩኸት ውስጥ ሰማኋቸው፤ ብዙ ሰው አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ቆሞ ትንፋሹን ሲይዝ የሚሰማ ነገር አለ። አንዱ አሳለ። የወንጌላዊ በየነን ሳል ከሺህ ሳል እለየዋለሁ። ደግሞ ማለዳ ነው።

አንዴ ተሳስቻለሁ። አሞታል ብለውኝ፣ አሞት ብቻ ነበር። ስለዚህ አሁንም ልሳሳት እችላለሁ፤ ይህን ለራሴ ደጋግሜ ነገርኩት። እናቴ ቡሌ ላይ እሳቷ ዳር ተጋድማ፣ በእኛ ተናዳ፣ ሾርባ እምቢ እያለች ይሆናል። ማን አየው? ዓይኔ ሳያይ አላለቅስም።

ስልኩን አኖርኩት። ጥቁሩ ነጠላ ሻንጣዬ ውስጥ ከሥር እንዳለ ነው፤ አላጠብኩትም፣ አልጣልኩትም። ኤልያስ ፊቴን እያየ ነው። የሚጋግረው ጨው ምጣድ ላይ ቀርቷል።

«ምን አሉሽ እማዬ?»

ከቆምኩበት አልተነቃነቅሁም። ፊቴን ብቻ ወደ እሱ አዞርኩ፤ ድምፄም ቀና ብሎ፣ ሳቅ ሳቅ እያለው ወጣ።

«አያትህን ትንሽ አሟታል» አልኩት።